የቆዳ ካንሰርና የሰውነታችን ዘበኞች

በሀገራችን የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና ከተስፋፋ ወዲህ «ሲዲ ፎር» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው እምብዛም አይገኝም። ወረፋ የሚጠብቁ ሕሙማን «ሲዲ ፎሬ ወርዷል»፣ «ሲዲ ፎሬ ጨምሯል» ሲባባሉ እንሰማለን። ይሁን እንጂ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ፣ ሲጎድልም ሰውነታችን ምን እንደሚያጣ ተብራርቶ የሚነገረን ጥቂት ነው። የሚቆጠሩት ቲ ሴሎች የሚባሉ የደማችን ዘበኞች ናቸው። ሥራቸውም ከውጭ የሚመጣውን በሽታ መከላከል ብቻ አይደለም፤ ከገዛ አካላችን የሚነሣውን ካንሰርም ይጠብቃሉ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ዘበኞች በቆዳ ላይ የሚነሣውን ካንሰር እንዴት እንደሚያውቁትና እንደሚዋጉት፣ ስለ ምንስ አንዳንድ ጊዜ እንደሚሸነፉ እንመለከታለን። በመጨረሻም ይህ ዕውቀት በፎንቆ፣ በሆሳዕናና በአካባቢው ለምንኖር ቤተሰቦች የሚሰጠውን ምክር እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩. ዘበኞቹ እነማን ናቸው?

በደረት አጥንት ሥር፣ ከልብ ከፍ ብሎ፣ ታይመስ የሚባል አነስተኛ እጢ አለ። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ይህን እጢ ጥቅም እንደሌለው ትርፍ ሥጋ ይቆጥሩት ነበር። በ1961 ዣክ ሚለር የተባሉ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ አዲስ ከተወለዱ አይጦች እጢውን ቢያወጡት፣ አይጦቹ በሽታን መቋቋም አቃታቸው፤ ከሌላ አይጥ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም ሰውነታቸው ሳይቃወም ተቀበለው። በዚህም ታይመስ የመከላከያ ኃይል ማሠልጠኛ መሆኑ ታወቀ። «ቲ» የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ እጢ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ሴሎቹ በአጥንት መቅኔ ይፈጠሩና ወደ ታይመስ ገብተው ይማራሉ። ትምህርቱ ሁለት ፈተናዎች አሉት። አንደኛው የሌሎችን ሴሎች መለያ ማንበብ መቻል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የገዛ አካልን አለማጥቃት ነው። ከ100 ተማሪዎች ከ90 የሚበልጡት ፈተናውን ስለማያልፉ እዚያው ይሞታሉ። ከሚያልፉት መካከል ሁለት ወገኖች ዋነኞች ናቸው። ሲዲ ፎር የሚባሉት ትእዛዝ ሰጪዎችና ረዳቶች ናቸው፤ ሲዲ ኤይት የሚባሉት ግን የታመመውን ሴል ራሳቸው ቀርበው የሚገድሉ ናቸው።

ዘበኞቹ ሲመናመኑ ምን እንደሚከተል በሀገራችንም ታይቷል። ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎርን እያጠፋ ሲሄድ፣ በአንዳንድ ሕሙማን ቆዳ ላይ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው የካንሰር እብጠት ይወጣል። የዚህ ካንሰር መነሻ የሆነው ቫይረስ በ1994 ተለይቶ ታውቋል። ቫይረሱን ተሸክመው ያለ ሕመም የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ካንሰሩ የሚበረታው ዘበኞቹ ሲደክሙ ነው። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሕመምተኛ ሲዲ ፎሩ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ እብጠቱም እየከሰመ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ምስክር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና በ2015 ጀምሯል። የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይጥለው ዘበኞቹን የሚያደክም መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል። ንቅለ ተከላ በሰፊው በሚደረግባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ሀገሮች በተደረገው ክትትል፣ በተለይ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሕሙማን ላይ የቆዳ ካንሰር ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኝቷል። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የምንረዳው፣ ዘበኞቹ በየዕለቱ ሳናውቀው ከካንሰር እየጠበቁን እንደሚኖሩ ነው።

፪. የቆዳ ካንሰር በእኛ ዘንድ ከወዴት ይነሣል?

ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። ይህ ቀለም የፀሐይን ጎጂ ጨረር ስለሚጋርድ፣ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ከፀሐይ በሚመጣ ካንሰር የሚያዘው ከነጭ ያነሰ ነው። ከዚህ ተነሥተን «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» ብንል ግን እንሳሳታለን። በእኛ ዘንድ በሽታው በሌሎች በሮች ይገባል።

የመጀመሪያው በር ቀለም አልባ ሆኖ መወለድ፣ ማለትም አልቢኒዝም ነው። እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሜላኒን ስለሌላቸው ወይም እጅግ ስላነሳቸው፣ ያለ መከታ ፀሐይ ይመታቸዋል። የእኛ አካባቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩም ይበረታልና አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ሊያዘናጋን አይገባም።

ሁለተኛው በር የቆየ ጠባሳና የማይድን ቁስል ነው። በልጅነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠባሳው ተሰንጥቆ ሲቆስል፣ ቁስሉ ወደ ካንሰር የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት የሚያመረቅዝ የእግር ቁስልም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው በር የእግር መዳፍ፣ የእጅ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው። ሜላኖማ የተባለው ከሁሉ የከፋው የቆዳ ካንሰር በነጮች ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ሲሆን፣ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ግን በብዛት የሚወጣው በእነዚህ በተሸሸጉ ቦታዎች ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሻሸመኔ ድረስ የመጣው ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ ነው። በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ሲመረመር ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም። ካንሰሩ ወደ ሌላው አካሉ ተሠራጭቶ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

፫. ዘበኞቹ ካንሰሩን በምን ያውቁታል?

ካንሰር ከውጭ የመጣ ተሕዋስ አይደለም፤ የገዛ ራሳችን ሴል ነው። ታዲያ ራሱን እንዳያጠቃ የተማረው ቲ ሴል እንዴት ይለየዋል?

ገበሬ ያመረተውን ስንዴ ለመሸጥ ሲያስብ ጎተራውን ተሸክሞ ገበያ አይወጣም። አንድ እፍኝ ለናሙና ያሳያል፤ ገዢውም ከእፍኙ የጎተራውን ይረዳል። እያንዳንዱ የሰውነት ሴልም እንዲሁ ያደርጋል። በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እየወሰደ በገላው ላይ ባለ ማሳያ ያወጣል። ቲ ሴል እየዞረ ይህን ናሙና ይመረምራል። ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ ይህን አሠራር በማግኘታቸው በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የሴሉ ውስጣዊ መመሪያ በጨረር ወይም በሌላ ምክንያት ሲበላሽ፣ የሚሠራቸውም ፕሮቲኖች ይለወጣሉ፤ ናሙናውም እንግዳ ይሆናል። በ1991 በብራስልስ ቲዬሪ ቦን የሚመሩት ቡድን ከአንዲት የሜላኖማ ሕመምተኛ በተወሰደ ካንሰር ላይ ባደረገው ጥናት፣ የሰው ቲ ሴል ለይቶ የሚያውቀውን የካንሰር ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ ለየ። በዚህም ዘበኞቹ ካንሰርን የሚያውቁት መሆኑ በማስረጃ ተረጋገጠ።

ወሬውን የሚያደርሱት ሌሎች ሴሎች ናቸው። በቆዳችን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እጅ የዘረጉ ዴንድራይቲክ የተባሉ ጠባቂዎች አሉ። እነርሱ ከተበላሸው ሴል ቁርጥራጭ ይዘው በብብትና በብሽሽት ወደሚገኙት ንፍፊቶች ይወርዳሉ። በዚያም ለዚያ ናሙና የሚስማማውን ቲ ሴል ፈልገው ያነቁታል። የነቃው ቲ ሴል በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ ሺህ ተባዝቶ በደም ተጉዞ ወደ ቆዳው ይደርሳል። ከካንሰሩ ሴል ጋር ተጣብቆም ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ሽፋኑን ይበሳል፤ ግራንዛይም የሚባለውንም ያስገባበታል። የካንሰሩ ሴል ራሱን በራሱ አፍርሶ ይሞታል። ዘበኛውም ተላቆ ወደ ሌላው ይሄዳል።

፬. ካንሰሩ እንዴት ያመልጣል?

ይህ ሁሉ ጦር እያለ ካንሰር የሚያሸንፈው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ናሙናውን ይደብቃል፤ ማሳያውን ሲያጥፍ ሲዲ ኤይት የሚያነበው ያጣል። ሁለተኛው፣ የቲ ሴሉን ልጓም ይስባል። ሦስተኛው፣ ውጊያን የሚያበርዱ ሌሎች ቲ ሴሎችን በዙሪያው ሰብስቦ መከታ ያደርጋቸዋል። ስለ እነዚህ አብራጆች ሥራ ባገኙት ዕውቀት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብሩንኮና ፍሬድ ራምስዴል በ2025 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ልጓም ስንል ምን ማለታችን ነው? ፈረስ ያለ ልጓም ጌታውንም ይጥላል። ቲ ሴልም ያለ መግቻ ቢለቀቅ ጤናማውን አካል ያቆስላል። ይህን በስጋ ደዌ በሽታ በጉልህ እናየዋለን። ተሕዋሱ አንድ ነው፤ የሕመሙ መልክ ግን እንደ ዘበኞቹ ምላሽ ይለያያል። የቲ ሴሎቹ ምላሽ ደካማ በሆነበት ሰው ተሕዋሱ በመላ ቆዳው ይሠራጫል። ምላሹ ብርቱ በሆነበት ሰው ደግሞ ተሕዋሱ በጥቂት ቦታ ይወሰናል፤ ነገር ግን ውጊያው ራሱ ነርቭን ይጎዳል። በአዲስ አበባ በአለርት አጠገብ የሚገኘው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ፈጣሪ በቲ ሴሉ ላይ ልጓም አኖረ። ከልጓሞቹ ሁለቱ ሲቲኤልኤ ፎር እና ፒዲ ዋን ይባላሉ። የካንሰሩ ተንኮል ይህን ለጤንነታችን የተሰጠ ልጓም ለራሱ ጥቅም መያዙ ነው። ዘበኛው ካንሰሩ አጠገብ ቆሞ ሳለ እጁን እንዳያነሣ ይገታዋል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም እየዛለ ይሄዳል።

፭. ልጓሙን የማላላት ሕክምና

አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ የልጓሞቹን ሥራ አጥንተው፣ ልጓሙ ቢላላ ዘበኛው ካንሰሩን እንደሚያጠቃ አሳዩ፤ በ2018ም ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በ2011 ለሜላኖማ ሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ። ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ተከተሉት።

በሀገራችን የጊኒ ዎርምና የትራኮማ በሽታዎችን ለማጥፋት በተደረገው ጥረት ድርጅታቸው የሚታወቀው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የዚህ ሕክምና ምስክር ናቸው። በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው መድረሱ ታወቀ። በቀዶ ጥገና፣ በጨረርና በፔምብሮሊዙማብ ታከሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርመራው የካንሰር ምልክት አላሳየም። እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ ኖረው በ100 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቀድሞ የተሠራጨ ሜላኖማ አብዛኛውን ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ገደማ ይገድል ነበር። በ2024 በወጣ የረጅም ጊዜ ክትትል ግን ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ በአንድነት ከተሰጣቸው ሕሙማን ከ100ው 43ቱ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በአንዳንዶቹ ላይ የሚታይ አስደናቂ ነገርም አለ። ሕክምናው ሲሠራላቸው በቆዳቸው ላይ ለምጽ ይወጣል፤ የነቁት ዘበኞች ካንሰሩን ሲያሳድዱ ጤናማዎቹን የቀለም ሴሎችም ስለሚያጠቁ ነው። ከዚህ የከፋም ጉዳት አለ። ልጓሙ የላላለት ዘበኛ አንጀትን፣ ሳንባን ወይም የእንቅርት እጢን ሊያቆስል ይችላል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። አንደኛው ዋጋው ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች የአንድ ዓመት ወጪ በአሜሪካ ከ100 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ሁለተኛው ከዋጋውም ይልቅ ለእኛ ይከብዳል። በፀሐይ የተነሣ ሜላኖማ በመመሪያው ላይ እጅግ ብዙ ብልሽት ስላለው ለዘበኞቹ ብዙ እንግዳ ናሙና ያሳያል፤ ስለዚህም መድኃኒቱ ይሠራለታል። በእግር መዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ግን ብልሽቱ አነስተኛ ስለሆነ ናሙናውም ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ልጓም አላሊው መድኃኒት በእርሱ ላይ የሚሠራው ባነሰ መጠን ነው። እንግዲህ የእኛን ሰው የሚይዘው ሜላኖማ ለዘበኞቹም ለመድኃኒቱም የሚያስቸግረው ዓይነት ነው። የተሻለው መፍትሔ ሳይሠራጭ ቆርጦ ማውጣት ነው።

፮. ስለ ሄመን በቀለ ሳሙና

በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሄመን በቀለ በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ በሀገሩ ታዋቂ በሆነው የስሪ ኤም የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈ። በ2024ም ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ ሰየመው። ያቀረበው ሐሳብ የቆዳ ካንሰርን የሚያክም ርካሽ ሳሙና ነው። መነሻ የሆነውም በልጅነቱ በኢትዮጵያ በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ያያቸው ሰዎች ትዝታ እንደሆነ ተናግሯል።

የሐሳቡ መሠረት ከላይ የተመለከትነው ነው። ኢሚኪሞድ የተባለ ቅባት ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት ላይ ላዩን ለሚወጣ የቆዳ ካንሰር ተፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ካንሰሩን በቀጥታ አይመርዝም፤ የቆዳውን ጠባቂዎች ቀስቅሶ ቲ ሴሎችን ያስጠራል። ሄመንም ይህን የመሰለ መድኃኒት በሳሙና አማካይነት ቆዳ ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይመረምራል። ሥራው በ2024 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በአይጦች ላይ የሚሞከር ነበር።

በልጁ እንኮራለን። ነገር ግን ወሬው ከሥራው ቀድሞ «የካንሰር ሳሙና ተገኘ» ተብሎ ስለተነገረ ጥንቃቄ ያሻል። በቤተ ሙከራ ያለ ሐሳብ በሰዎች ላይ ተፈትኖ ካልተረጋገጠ መድኃኒት አይባልም። በሥጋ ውስጥ ሥር የሰደደውን ካንሰር ደግሞ ላይ ላዩን የሚታጠብ ሳሙና አይደርስበትም። በገበያ «ይህ ያ ሳሙና ነው» የሚል ነጋዴ ቢገጥመን ገንዘባችንን ብቻ ሳይሆን ጊዜያችንንም እንደሚወስድብን እንወቅ።

፯. በእጃችን ያለው

ከዚህ በላይ እንዳየነው ካንሰሩ ትንሽ ሳለ ዘበኞቹ ይበረቱበታል፤ ሲያድግ ግን መደበቂያውንና ልጓም መሳቢያውን ያበዛል። ስለዚህ በውድ መድኃኒት የሚገዛውን ድል እኛ በጊዜ ልናገኘው እንችላለን።

በወር አንድ ጊዜ እግር ስንታጠብ መዳፋችንን፣ በጣቶቻችን መካከልና ጥፍራችንን እንመልከት። የአረጋውያን አባቶችንና እናቶችን እግር ልጆች ይዩላቸው። እያደገ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ በጥፍር ላይ እየሰፋ የሚወርድ ጥቁር መስመር፣ ከ4 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የተሰነጠቀና የሚደማ የቆየ ጠባሳ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደምናነበው፣ ካህኑ የቆዳን ምልክት አይቶ በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ይመለከት ነበር። ለውጡን አስተውሎ ዳግመኛ ማየት የዛሬም ሐኪም ጥበብ ነው።

እንዲህ ያለውን ቁስል በብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት፣ ወራት ሙሉ ቅጠል ለጥፎ መሸፈን ጉዳት ያመጣል፤ በሽታውም እስኪሠራጭ ጊዜ ይሰጠዋል። «ካንሰር ቢላ ከነካው ይባስበታል» የሚለው አባባልም ብዙዎችን ከሕክምና አስቀርቷል። ሐኪሙ ለምርመራ የሚወስደው ትንሽ ሥጋ በሽታውን አያሠራጨውም፤ ስሙን ያሳውቀናል እንጂ። በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከዚያ በላይ ሕክምና ሲያስፈልግ በአዲስ አበባ አለርትና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ለመጓጓዣ አቅም ያነሰውን ወገን ዕድርና ቁምስና ቢደግፉት ሕይወት ያተርፋሉ።

ቀለም አልባ ሆኖ የተወለደ ልጅ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው የረዘመ ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። በትምህርት ቤትም ጥላ ያለበት መቀመጫ ይሰጠው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ዘበኞቻቸው እንዳይመናመኑ ክኒኑን አያቋርጡ። በመጨረሻም የቆዳ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና ሕመምተኛውን ከማዕድ አንለይ። ቁስሉን እንዲደብቅ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ዓይን ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቲ ሴል የገዛ አካላችንን እንዳያጠቃ የተሰጠው ልጓም ለካንሰሩ የሚጠቅመው እንዴት ነው?
2. በእግር መዳፍ የሚወጣ ሜላኖማ ቶሎ መታየት ያለበት ስለ ምንድን ነው?
3. በመንደራችን ለረጅም ጊዜ ያልዳነ ቁስል ያለበት ወይም ቀለም አልባ ሆኖ የተወለደ ሰው አለን? እስከ አሁን ምን አደረግንለት? ከዛሬ ጀምሮስ ምን እናድርግ?